ወደ ባሕር በሚወርደው መንገድ፦ የሰሜን ሸዋ የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም፤ ደብረ ብርሃን

አባዱላው የታላቅ ወንድሜ ነው። የኋላ ወንበሮቹን አስወጥተን በአንድ በኩል የአባቴን ፍራሽ፣ በሌላው በኩል የኔን ዘርግተናል፤ መሀሉን በመጋረጃ ከፍለነዋል። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካኖች፣ ሽሮና በሶ፣ ጀበና፣ የመፍቻ ሳጥን አለ። አልጋ ቤት አንይዝም። የምናበስለውም፣ የምንበላውም፣ የምንተኛውም እዚሁ መኪና ላይ ነው።

ይህን የወሰኑት አባቴ ናቸው። ከአሰብ ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴ ሾፌር ነበሩ፤ በዚያ ሥራ ቤት ማለት ጋቢና ነው። በልጅነታችን ወደ እኛ የሚመጡት ከነተሳቢው ነበር። መንገድ ዳር አቁመው ምሳ ይበሉና፣ እናታችን ያዘጋጀችላቸውን ቆሎና ድርቆሽ ይዘው ይነሣሉ። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መስመር ተዘጋ። ባለፈው መስከረም 1 ቀን የቡሬ ድንበር ሲከፈት በቴሌቪዥን አብረን አየን። አባቴ ምንም አልተናገሩም። ማታ ግን የድሮ መንጃ ፈቃዳቸውን ከሳጥን አውጥተው ሲያገላብጡ አገኘኋቸው።

ለእኛ ዓይነቱ ተጓዥ አሰብ ድረስ መዝለቅ ገና ነው። ስለዚህ የመንገዱን የሰሜን ሸዋ ድርሻ እንሂድ አልኳቸው፤ የጥንቱንም የእሳቸውንም። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሰሜን ሸዋን በካርታ ላይ አሳዩኝ ስላቸው ጣታቸውን ደጋው መሀል ያሳርፋሉ፤ ልክ ናቸው፣ አገሩ ደጋ ነው። የዚህ አገር ስመ ጥር ከተሞች ግን በአብዛኛው የተሰለፉት ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። አንኮበር፣ አልዩ አምባ፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ፊታቸው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የለሙትም ከባሕር በሚመጣና ወደ ባሕር በሚወርድ ዕቃ ነው። ሸዋ ባሕር አያውቅም ሲባል ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው እንጂ ደጁ እዚሁ ነው።

ዛሬ ከከተማ አልወጣንም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ውርጩ ያቃጥላል። ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እዚህ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ቤተ ክርስቲያን እንደተከሉ፣ ከተማውንም እንደቆረቆሩ ይነገራል። የዚያ ዘመን ነገሥታት ኑሮ ድንኳን ነበር፤ ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ ከንጉሡ ጋር ይዞራል። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ወደዚህ ከመጡ በኋላ ረጉ፤ በ1460 ያረፉትም እዚሁ ነው።

አንድ ማደያ ጥግ ዘበኛውን አስፈቅደን አቆምን። አባቴ የጋቢናን ኑሮ ሕግ ሲያስተምሩኝ አመሹ። የመኪናዋ ግንባር ምንጊዜም ወደ መውጫው ይዞራል። መሬቱ ሜዳ ቢመስልም ጎማው ሥር ታኮ ይገባል። መስኮት ለጣት ያህል ክፍት ይተዋል፤ አለበለዚያ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ሊነጋጋ ሲል ይረጋል። ከዘበኛው ጋር ቡና ሳይጠጡ እንቅልፍ የለም። የመጨረሻውን ከሁሉ ያከበዱት ይመስላሉ፤ ጀበናውን ራሳቸው ጣዱ። ሽሯችንን በልተን የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ደራርበን ተኛን።


ሐሙስ፣ ጥር 16፤ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ብዙውን ሜዳ ሜዳውን ይሄዳል። በየውድማው በሬ ገብስ ያበራያል፤ ጭድ የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ሞልተውታል። ከዚያ ድንገት ምድር ያልቃል። ከጠርዙ ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ ሸንተረር ከሸንተረር ሥር እየተደረደረ ይወርድና፣ መጨረሻው ላይ የአፋር ሜዳ ከሰማዩ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል።

የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ በእግር ወጣን። ከጥንቱ ግቢ የቀረው የድንጋይና የኖራ ግንብ ፍራሽ ነው፤ አናቱ ላይ የቤተ መንግሥቱን መልክ ይዞ የተሠራ ሎጅ ቆሟል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ሸዋን የገዙት በዋናነት ከዚህ ነው። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት መናገሻቸው ይኸው ነበር።

ሰው ወደ አንኮበር ሲመጣ ስለ ነገሥታቱ ይጠይቃል። እኔ ስለ እንግዶቻቸው ነው ማሰብ የምወደው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደዚህ ወጣ፤ በሕዳር 1834 ከሣህለ ሥላሴ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። በግንቦት 1875 ደግሞ ጣሊያናዊው አንቶኔሊ ከምኒልክ ጋር እዚሁ አንኮበር ላይ ውል ተፈራረመ፤ አሳቡ በአውሳ በኩል አድርጎ ሸዋን ከአሰብ የሚያገናኘውን የንግድ መንገድ ማጽናት ነበር።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ቆም አሉ።

«የቱ አሰብ? የኛው?»

«አዎ አባዬ፣ ያው አሰብ።»

«እንግዲያ እኛ የጀመርነው ነገር የለም በይኛ። ሰዎቹ በግመል ሲሄዱበት የኖሩትን እኛ በቦቴ ቀጠልነው።» ቀኑን ሙሉ ይህን ለራሳቸው ሲደጋግሙት ዋሉ።

ከመጡት ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። በወጣትነቱ ግጥሙን ጽፎ ጨርሶ፣ ብዕሩን ጥሎ፣ ነጋዴ ሆኖ የመጣ ሰው ነበር። ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣና ከወራት የበረሃ ጉዞ በኋላ በ1879፣ ልክ እንደ አሁኑ በጥር ወር መጨረሻ ላይ፣ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ግን አልነበሩም። መናገሻው ወደ እንጦጦ ዞሯል። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ውሃ ጥም፣ ከዚያ ባዶ ግቢ! የፈረሰው ግንብ አጠገብ ቆሜ ያን ቀን ምን እንዳሰበ ለመገመት ሞከርኩ። እዚህ ሲቆም ፊቱን ወደ ኋላ ቢያዞር የተሻገረው በረሃ በሙሉ ይታየው ነበር።

ማታ ከኮረብታው ግርጌ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ማረፊያ አሳዩን። «አንቱ፣ ነፋሱ ከገደሉ ነው የሚነሣው፤ ግንቡን ተጠግተው ያቁሙ» አሏቸው አባቴን። ምክራቸው የወርቅ ነበር፤ ሌሊቱን ነፋሱ መኪናዋን ሲያወዛውዛት አደረ። ዘበኛው ከቡናው በኋላም አልሄዱም። የአንኮበር ልጅ ቆላ ወርዶ ጨው ሳያመጣ ጎልማሳ አይባልም ነበር፣ አያቴ እንዲህ ነበር የሚሉት፣ እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወቱን።


ዓርብ፣ ጥር 17፤ አልዩ አምባ

ቁልቁለቱን ስንጀምር አባቴ መሪውን አልቀበሉኝም፤ ከጎኔ ተቀምጠው ማርሽ ብቻ ይነግሩኛል። «በወጣሽበት ማርሽ ነው የምትወርጂው። ፍሬኑን አታግይው፣ ሞተሩ ይያዝልሽ።» ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ በአጭር ጊዜ ውስጥ አየሩ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ጽዱና ኮሶው ይቀራል፤ ግራሩ ይጀምራል። ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ቀጥዬ ሹራቤን፤ ስንደርስ አባቴም በሸሚዝ ቀርተዋል።

አልዩ አምባ ሸንተረር ላይ የተቀመጠች የአርጎባ ከተማ ናት። ዛሬ የሚያያት ሰው ትንሽ ይላታል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝባት የሸዋ ትልቋ የንግድ በር ነበረች። የዚያን ጊዜ መንገደኞች የዓርብ ገበያዋን እየጠቀሱ ጽፈዋል፤ እኛም ዓርብ እንድንደርስ ብዬ ነው ቀኑን ያሰላሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ግመል ደጋ አይወጣም፤ ስለዚህ ከባሕር የመጣው ሲራራ ከሸንተረሩ ግርጌ ፋሬ በምትባል መንደር ይቆማል። ፋሬ የሸዋ ወሰን ናት። እዚያ ጭነቱ ይራገፋል፣ ይቆጠራል፣ የንጉሡ ሰዎች ያዩታል፤ የይፋት ገዥ የነበሩት ወላስማ ሳይፈቅዱ ማንም አያልፍም። ከዚያ ዕቃው በአህያና በሰው ትከሻ ወደ አልዩ አምባና ወደ አንኮበር ይወጣል። ይህን ለአባቴ በጣቴ እየጠቆምኩ ሳስረዳ አቋረጡኝ፤ «ይኼማ ወደብ ነው» አሉ። «መርከብ ዳር ይደርሳል፣ ይራገፋል፣ ጉምሩክ ያያል፣ መኪና ይጭናል። አሰብ ላይ ያየሁት ይኸው ነው፤ ግመሉ መርከቡ ነው፣ አህያዋ እኔ ነኝ።»

ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር። ማሽላ፣ ማሾ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ የአርጎባ ሴቶች ደማቅ ሻሽ፣ ጊሌ የታጠቁ አፋሮች፣ ከላይ ከአንኮበር ገብስና ባቄላ ይዘው የወረዱ ደገኞች። በአንድ ጥግ ለከብት የሚሆን ጨው ይሸጣል። ሻጯ እናት ለአባቴ አንድ ስባሪ አቀበሏቸው፤ አባቴ ላስ አድርገው «የበረሃ ጨው ነው» አሉ። አሞሌ ጨው በሸዋ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ንጉሥ ግብር የሚቀበልበት፣ ሰው ሚስት የሚድርበት፣ በቅሎ የሚገዛበት። አሁን አንድ እፍኝ ይዤ ኪሴ ውስጥ ስከት ዋጋውን ሴትየዋ እንቢ አሉ።

ስለዚህ ገበያ ሲወራ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ እኔ ልዘለው አልችልም። በዚህ ቁልቁለት ወደ ባሕር የወረደው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ብቻ አይደለም። ሰውም ወርዷል። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በአቅራቢያው አብዱል ረሱል በሚባል ገበያ ተሸጠው፣ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ታጁራ ላይ ጀልባ ተሳፍረዋል። እኛ ዛሬ በማርሽ የወረድነውን እነሱ በባዶ እግር ወርደውታል፤ ሽቅብ የተመለሰ የለም። ስለ ባሕር በር በናፍቆት ማውራት ቀላል ነው፤ በሩ ማንን እንዳስወጣም አብሮ መነገር አለበት። ተማሪዎቼን አንድ ቀን እዚህ አምጥቼ ይህን እዚሁ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።

የጁምዓ ሰላት ሲደርስ ገበያው ጸጥ አለ። እኛ ጥላ ፈልገን አባዱላውን አቆምንና ምስር ወጣችንን ሠራን። አንድ የአርጎባ ሸማኔ ከመስጊድ ሲመለሱ አባቴን አይተው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ጋሼ፣ በመኪና ውስጥ ቤት ሠርታችኋል ልበል?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ፍራሹን፣ መጋረጃውን፣ ቡታጋዙን አንድ በአንድ አስጎበኟቸው። ሸማኔው በጣም ነው ደስ ያላቸው። ማታ ልጃቸውን ልከው መኪናችንን ከግቢያቸው አስገቡን፤ ትኩስ ወተትም ላኩልን። ጾም መሆኑን ስንነግራቸው ወተቱ ተመልሶ ሻይ መጣ። ሁለቱንም መስኮቶች ከፍተን፣ ያለ ብርድ ልብስ ተኛን።


ቅዳሜ፣ ጥር 18፤ ጣርማ በርና ደብረ ሲና

ሽቅብ ወደ አንኮበር፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ የደሴን አስፋልት ይዘን ወደ ጣርማ በር። ዛሬ የአባቴ ቀን ነው። መሪውን ከጠዋቱ ነው የተረከቡኝ።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አስፋልቱን ይሻገራል፤ አንዳንዴ ከፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ይታያል። ዋሻው ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወራሪው ለጦሩና ለዕቃው ሲል ነበር የቆፈረው፤ መንገዱ ግን እሱ ከተባረረ በኋላ የአገሩ የባሕር መተንፈሻ ሆኖ ለግማሽ ምዕት ዓመት አገልግሏል። ከደብረ ሲና፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከዚያ አሰብ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር አገሪቱ የምታነደው ነዳጅ በዚህ ዋሻ አልፏል።

አባቴ ዋሻው አፍ ላይ ጡሩምባ ነፉ፤ ሦስቴ፣ ረዘም አድርገው። «ያኔ መብራት የለም። ከወዲያ ማን እንዳለ የምታውቂው በጡሩምባ ነው። ከነተሳቢህ ገብተህ ከሌላ ተሳቢ ጋር ብትገጥም ማን ወደ ኋላ ይመለሳል?» ለራሳቸው ይሁን ለኔ ይሁን አላወቅኩም፤ «አንቺ» ማለታቸው መሀል ላይ «አንተ» ሆነ። ምናልባት ረዳታቸው ታይቷቸው ይሆናል።

ከዋሻው ሲወጣ ደብረ ሲና ነው። መኪና ገና ሳይቆም የቆሎ ሻጮች መስኮት ላይ ናቸው፦ የገብስ፣ የስንዴ፣ ሽምብራና ሱፍ የተደባለቀበት። የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዛ ያለፈ ሾፌር የለም። አባቴ ወርደው አንዷን ጠና ያሉ ሴት «እትዬ፣ ድሮም እዚህ ነበሩ?» አሉ። ሴትየዋ በእናታቸው ጊዜ ጀምሮ እንደነበሩ ነገሩን።

«ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ነበር የምንሸጥ» አሉ። «ኤንትሬው፣ ቦቴው፣ ተሳቢው ተሰልፎ ያድር ነበር። ቁልቁለቱን ጠዋት ነው የሚወርዱት፤ ሌሊት ጉም አለ። ሾፌሮቹ ጋቢና ውስጥ ይተኛሉ፣ ረዳቶቹ ጭነቱ ላይ። እኛ ሻይ እናፈላለን። አሰብ ሲዘጋ ቀኑን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ስንቄን ተሸክሜ ስጠብቅ አንድም ቦቴ ሳይመጣ ነጋ።»

የወደቡ ጭነት ከዚያ ወዲህ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ሚሌ ይወጣል። ሰሜን ሸዋን አይነካትም። አውቶቡሱ፣ የወሎው አይሱዙ አሁንም በዚህ ያልፋል፤ ያ የሌሊት ከተማ ግን አብሮ ሄደ። ስለ ወደብ ስንነጋገር ስለ ቀረጥ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ጦርነቱ እናወራለን፤ ለአንዲት ቆሎ ሻጭ ባሕር ማለት መስኮት አንኳኩታ የምትሸጠው አንድ ስኒ መሆኑን የሚቆጥርላት የለም። እኔ ከዛሬ ጀምሮ እቆጥራለሁ።

ያደርነው የድሮዎቹ መኪኖች ይቆሙበት በነበረው ሜዳ ዳር ነው። እትዬ ሻይ አመጡልን። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ አባቴም እንዲቀበሏቸው ለምነው ነው።


እሁድ፣ ጥር 19፤ ሸዋ ሮቢትና ሰንበቴ

ገና ጎህ ሳይቀድ ወረድን። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ ጀውሃን ተሻግረን በጠዋት ሰንበቴ ደረስን፤ የእሁድ ገበያዋ ታላቅ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞው ከብቱን፣ አማራው እህሉን፣ አርጎባው ሸማውን ይዞ ይመጣል። አንድ ሰው በአንድ ድርድር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ሲቀያይር ሰማሁ፤ ተርጓሚ የጠየቀ የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለስን። ማንጎና ፓፓያ ገዛን። አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር አቆምን፤ ባለቤቱ በአንድ ምሳ ዋጋ ሻወር አስታጥቀውን ማደሪያውን በነጻ ሰጡን።

ሙቀቱ ውስጥ መተኛት አልተቻለም። ፍራሾቹን አውጥተን ደጅ ጋደም እንዳልን አባቴ ስለ አሰብ ማውራት ጀመሩ፤ ያን ያህል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ጭነት ተራ እስኪደርስ ሾፌሮች ቀናት ይጠብቃሉ። ጋቢና ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ነው፤ ተሳቢው ሥር የገመድ አልጋ ዘርግተው ያድራሉ። ሊነጋ ሲል ባሕሩ ውስጥ ይገባሉ፣ ያኔም ውሃው ለብ ያለ ነው። ከባሕሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ መርከቦች መብራታቸውን አብርተው ይታያሉ።

«አንድ ጊዜ የውጭ አገር መርከበኞች ከኛ ጋር ሻይ ጠጡ» አሉ። «ቋንቋ የለም፣ በእጅ ነው የምንግባባ። አንዱ ጋቢናዬን አየና ፍራሼን፣ የልጆቼን ፎቶ፣ ማንደጃዬን እየጠቆመ ሳቀ። ከዚያ መርከቡን አሳየኝና ደረቱን መታ። እኔም እንዳንተው ነኝ ማለቱ ነው። ወደብ ይደርሳሉ፣ ከተማዋን ሁለት ቀን ያያሉ፣ ተመልሰው እዚያው ቤታቸው ይተኛሉ። እኔ ደግሞ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደብረ ሲናን የማውቀው እንዲያ ነው፤ በመስኮት።»

ከዚያ ዝም ብለው ቆይተው፣ «እናትሽን አሰብ አሳይሻለሁ ብያት ነበር» አሉ። ምንም አልመለስኩም።


ሰኞ፣ ጥር 20፤ መንዝ፣ ጓሳ

ዛሬ ብዙ የሚጻፍ መንገድ አይደለም፤ አቧራ ነው። ጣርማ በር ተመልሰን በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ ገባን። ትናንት ያለ ልብስ መተኛት የተመኘ ሰው ዛሬ ማታ ያለውን ሁሉ ደርቦ ይንቀጠቀጣል።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ የሚደርስ የሣር አምባ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቆቻቸውን መርጠው፣ አምባውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፍቱታል። በዝግ ጊዜ ያጨደ ይቀጣል። በ1967 መሬት ሲታወጅ ሥርዓቱ ተናጋ፤ ግን ሕዝቡ ጨርሶ አልለቀቀውም፣ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ባልለቀቁት ምክንያት ነው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚህ የሚታዩት። ቀበሮውን አመሻሽ ላይ አየነው፤ ጅብራ ሥር አይጥ ሲያደባ። አባቴ ሞተሩን አጥፍተው እስኪሄድ ድረስ አልተነፈሱም።


ማክሰኞ፣ ጥር 21፤ ከጓሳ ወደ መሐል ሜዳ

ጠዋት ከጠርዙ ላይ ቆመን ገበታውን ሁሉ አየነው። ከታች አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ከዚያ ወዲያ አፋር። አባቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ይህ ሁሉ ውሃ ሲዘንብ የት ይገባል?»

ከቆምንበት በስተምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው አልኳቸው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ገብቶ ይቀራል። በስተምዕራብ የሚወርደው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። የደብረ ብርሃኗ በሬሳም የምትሄደው በዚያው ነው።

«እና ወደ ባሕር የሚያየው ጎን ባሕር አይደርስም?»

«አይደርስም፣ አባዬ።»

«ጀርባውን የሰጠው ይደርሳል?»

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ ማርሽ ሲያስገቡ፣ መሐል ሜዳ ስንቃረብ፣ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ባወራነው ሁሉ ውስጥ እንዲህ የደነቃቸው አልነበረም።

መሐል ሜዳ በአስተርእዮ ማርያም ተሞልታለች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በርኖስና ጋቢ ለብሶ መንገዱን ይዞታል። ከበዓሉ በኋላ አባቴ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ገዙ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ዝናብ የማያስገባ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ጠላ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ወጣት የአይሱዙ ሾፌር መኪናችንን አይቶ መጣ። አባቴ የአሰብ ሾፌር እንደነበሩ ሲሰማ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ጋሼ፣ ተከፍቷል ይባላል። ጭነት ከተገኘ ልሄድ ነው የማስበው። መንገዱን ያውቁታላ?»

አባቴ ከኪሱ ወረቀት እንዲያወጣ ነገሩትና ቀስ እያሉ ጠሩለት። «ኮምቦልቻ። ባቲ። ሚሌ። ሰርዶ። ዲቾቶ ስትደርስ ቀኙ ጋላፊ ነው፣ ጅቡቲ ይወስድሃል፤ አንተ እንዳትታጠፍ። ኤሊዳር። ማንዳ። ቡሬ። ጎማህን ሚሌ ላይ ፈትሽ፣ ውሃህን እዚያው ሙላ። ቀን አትንዳ፣ ማታ ንዳ። ቁልቁለት ላይ በወጣህበት ማርሽ።» ልጁ ጽፎ ጨረሰና አነበበላቸው። ዲቾቶን ዘሎት ነበር፤ አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው በራሳቸው እጅ ጨመሩበት።